ሁለት መዝገብ ያለው ግምጃ ቤት፦ ኦፕንስታክ ከድርጅት አስተዳዳሪ ሶፍትዌሮች ጋር የተጣመረበት ታሪክ

ማንኛውም የንብረት ክፍል ሠራተኛ እንደሚያውቀው፣ ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣም በሞዴል 22 ይመዘገባል። መዝገቡና መደርደሪያው እስከተስማሙ ድረስ ሥራው ሰላም ነው። ለአንድ ግምጃ ቤት ሁለት መዝገብ ያዦች ተሹመው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ደብተር መጻፍ ከጀመሩ ግን፣ አንዱ ወጪ ያደረገውን ሌላው እንዳለ ይቆጥረዋል፤ የዓመቱ መጨረሻ ቆጠራም የክርክር መድረክ ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው የኮምፒዩተር ሙያ ታሪክ ቢሆንም፣ ፍሬ ነገሩ ይኸው የሁለት መዝገብ ጉዳይ ነው። ኦፕንስታክ የተባለው ክፍት ምንጭ የክላውድ መድረክ ከ2010 ጀምሮ ወደ ታላላቅ ድርጅቶች ሲገባ ባዶ ቤት አላገኘም። በየድርጅቱ ቀድመው የተተከሉ፣ ብዙ ገንዘብ የወጣባቸውና ብዙ ሠራተኛ የሠለጠነባቸው የንግድ አስተዳዳሪ ሶፍትዌሮች ነበሩ። ስለዚህ አዲሱን ከነባሩ ጋር ማጣመር ግድ ሆነ። ጥምረቱ የት እንደ ሰመረና የት እንደ ተሰናከለ መመርመር ለሙያችን ጠቃሚ ነው፤ ዕድሉን የወሰነው የተጻፈው ኮድ ብዛት ሳይሆን፣ «ከሁለቱ መዝገቦች የሚታመነው የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው ወይም ሳይሰጥ የቀረው መልስ ነበርና። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

የነባሩ ቤት አሠራር

ቪኤምዌር የተባለው የካሊፎርንያ ኩባንያ በ1998 ተመሠረተ። በ2001 ኢኤስኤክስ የተሰኘውን፣ አንዱን ሰርቨር ከፋፍሎ በላዩ ብዙ ቨርችዋል ማሽኖችን የሚያስኬድ ሃይፐርቫይዘር ለገበያ አቀረበ። በ2003 ደግሞ ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ የሚቆጣጠረውን ሶፍትዌር አወጣ፤ ይህም ቀደም ሲል ቨርችዋልሴንተር፣ በኋላም ቪሴንተር ተብሏል። ከዚሁ ጋር በሥራ ላይ ያለን ቨርችዋል ማሽን ሳያቋርጡ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው የማዛወር ችሎታ መጣ። በ2006 ዲአርኤስ የሚባለው ክፍል ሲታከልበት፣ የትኛው ማሽን በየትኛው ሰርቨር ላይ ይቀመጥ የሚለውን ጉዳይ ሶፍትዌሩ ራሱ እየመዘነ ይወስን ጀመር።

በዚህ አሠራር ተጠቃሚው ባለጉዳይ ነበር። ማሽን የፈለገ ክፍል ጥያቄውን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ኃላፊው ይፈቅዳል፤ የዳታ ሴንተሩ አስተዳዳሪም በቪሴንተር ገብቶ ይሠራለታል። ነገሩ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ቢሆንም መዝገቡ አንድ ነበር። በቪሴንተር የተጻፈው በዳታ ሴንተሩ ውስጥ አለ፤ ያልተጻፈውም የለም።

በ2006 አማዞን ኤስ3 የተባለውን የማከማቻና ኢሲ2 የተባለውን የኮምፒዩተር ኪራይ አገልግሎት ሲከፍት የባለጉዳይነቱ ዘመን መናጋት ጀመረ። ፕሮግራመሩ የማንንም ፊርማ ሳይጠብቅ በኤፒአይ በኩል ጥያቄውን ልኮ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ማሽን አግኝቶ፣ ለተጠቀመበት ሰዓት ይከፍላል። ይህን የቀመሰ ሰው ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመልሶ ወረፋ መጠበቅ እንዴት ይታገሣል? የድርጅት ኃላፊዎችም ተመሳሳዩን አገልግሎት በራሳቸው ዳታ ሴንተር ውስጥ ለመስጠት የሚያስችል መሣሪያ ይፈልጉ ጀመር።

የኦፕንስታክ መወለድ

ለዚህ ፍላጎት መጀመሪያ ከታዩት መልሶች አንዱ በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራ የተጀመረው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው፤ ስሙም ዩካሊፕተስ፣ እኛ ባሕር ዛፍ የምንለው ነው። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ፣ በኤምስ የምርምር ማዕከሉ ኔቡላ የተባለውን ክላውድ ሲገነባ በመጀመሪያ የተጠቀመው በዚሁ ሶፍትዌር ነበር። የናሳ ሰዎች እንደ ተናገሩት ግን፣ ሶፍትዌሩ ለሚፈልጉት ስፋት አልበቃቸውም፤ ኩባንያውም ከፊሉን ክፍት፣ ከፊሉን የንግድ አድርጎ ይዞት ስለነበረ ማሻሻያዎቻቸው በዋናው ኮድ ውስጥ ሊገቡላቸው አልቻሉም። ስለዚህ ኖቫ የተባለውን የራሳቸውን ኮድ ጻፉ።

በዚያው ወቅት ራክስፔስ የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ ስዊፍት የተባለውን የማከማቻ ሶፍትዌሩን ክፍት ለማድረግ ተሰናድቶ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው በጁላይ 2010 ኦፕንስታክን በይፋ አስታወቁ፤ «ኦስቲን» የተባለው የመጀመሪያው እትም በኦክቶበር ወጣ። በአፓቼ ፈቃድ ስለ ወጣ ማንም ሰው ኮዱን ሊጠቀምበት፣ ሊለውጠውና በንግድ ምርቱ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ለጥምረቱ ታሪክ ይህ ፈቃድ ወሳኝ ነበር፤ ተፎካካሪዎች በአንድ ማዕድ እንዲቀርቡ በሩን የከፈተው እርሱ ነውና።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው አዲስ እትም ይወጣ ጀመር። ኖቫ ማሽኖችን ይፈጥራል፤ ግላንስ ማሽኖቹ የሚቀዱባቸውን አብነቶች ይይዛል፤ ኪስቶን የተጠቃሚውን ማንነት ያረጋግጣል፤ ሲንደር ዲስክ ያድላል፤ ኒውትሮን ኔትወርኩን ያደራጃል። በ2013 «ሃቫና» በተባለው እትም ፍጆታን የሚመዘግበው ሲሎሜትር ታከለ። በሴፕቴምበር 2012 ራሱን የቻለ ፋውንዴሽን ተቋቁሞ ሥራውን ተረከበ። ከሁለቱ መሥራቾች አንዱ የነበረው ናሳ ግን በዚያው ዓመት ከግንባታው አፈገፈገ። ይህም አንድ ክፍት ሥራ ከመሥራቹ መውጣት በኋላ ሊኖር እንደሚችል ያሳየ የመጀመሪያው ፈተና ነበር።

ሁለቱ መንገዶች

አዲሱን ከነባሩ ጋር ለማጣመር ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ከታች በኩል ነው፤ ኦፕንስታክ ከላይ ሆኖ የተጠቃሚውን ጥያቄ ይቀበላል፣ ማሽኑን በተግባር የሚፈጥርለት ግን ከሥር ያለው ቪሴንተር ነው። ሁለተኛው ከላይ በኩል ነው፤ የድርጅቱ አስተዳዳሪ ሶፍትዌር የፈቃድ አሰጣጡን፣ በጀቱንና ሪፖርቱን ይዞ ከላይ ይቀመጣል፣ ኦፕንስታክም በሥሩ ካሉት መድረኮች እንደ አንዱ ይቆጠራል።

ሁለቱን ለማቆየት የመረጡ ኃላፊዎች ያሰቡት «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን የአባቶች ምክር የመሰለ ነገር ነበር። ምክሩ ግን ባላዎቹ በየራሳቸው ጉድጓድ እንደሚተከሉ ያስባል። በመጀመሪያው መንገድ አንዱ ባላ የቆመው በሌላው ጫፍ ላይ ነው፤ የታችኛው ሲሰበር ሁለቱም ይወድቃሉ።

ከታች በኩል የሆነው

ኖቫ ከቪኤምዌር ጋር እንዲነጋገር የሚያደርገው ድራይቨር የመጀመሪያው ኮድ የ2011 የባለቤትነት ምልክቱ የሲትሪክስ ነው። ሲትሪክስ ደግሞ የቪኤምዌር ተፎካካሪ ነበር። በክፍት ምንጭ ዓለም ይህ አይደንቅም፤ ችግሩ የመጣው «የተጻፈውን ኮድ ማን ይንከባከበዋል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። የማይክሮሶፍቱ የሃይፐር-ቪ ድራይቨር የዚህን ጥያቄ ክብደት አሳይቷል። ተንከባካቢ በማጣቱ በ2012 መጀመሪያ፣ «ኤሴክስ» የተባለው እትም ከመውጣቱ በፊት፣ ከኖቫ ተቆርጦ ወጣ። ክላውድቤዝ የተባለው ኩባንያ ከማይክሮሶፍት ጋር ሠርቶ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በወጣው «ፎልሰም» መለሰው። ከዚህ ልምድ በመነሣት የኖቫ ኃላፊዎች በ2013 ሕግ አወጡ፤ ማንኛውም ድራይቨር ባለቤቱ ዘወትር የሚያካሂደው የራሱ መፈተኛ ከሌለው እንዲወገድ ወሰኑ። ሃይፐር-ቪም ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ዳግመኛ ተንከባካቢ አጥቶ ለሁለተኛ ጊዜ ወጥቷል።

ቪኤምዌር ራሱ ወደዚህ ማኅበር የገባው በ2012 ነው። በጁላይ ወር፣ የኦፕንስታክን የኔትወርክ ክፍል በመገንባት ቀዳሚ የነበረውን ኒሲራን በ1.26 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ ወዲያውም የፋውንዴሽኑ አባል ሆነ። የራሱን መሐንዲሶች በድራይቨሩ ላይ መደበ፤ በኤፕሪል 2013 በወጣው «ግሪዝሊ» እትም ከነጠላ ሰርቨር ይልቅ ከቪሴንተር ጋር በቀጥታ የሚነጋገረው ድራይቨር ቀረበ። የሁለቱ መዝገብ ችግር መልኩን የገለጠው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የአደላደል ጉዳይ መጣ። ኖቫ ማሽን ሲፈጥር በየትኛው ሰርቨር ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስን የራሱ ደልዳይ አለው። ቪሴንተርም ዲአርኤስ አለው። ድራይቨሩ ይህን የፈታው፣ በቪሴንተር ሥር በኅብረት የተደራጁትን ሰርቨሮች ለኖቫ እንደ አንድ ትልቅ ሰርቨር አድርጎ በማሳየት ነው። መፍትሔው ብልሃት ነበረው፤ ነገር ግን ሒሳቡን ልብ ይሏል። እያንዳንዳቸው 32 ጊጋባይት ባዶ ሜሞሪ ያላቸው አራት ሰርቨሮች ቢኖሩ፣ ኖቫ 128 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እንዳለ ይመዘግባል። ተጠቃሚው 64 ጊጋባይት የሚወስድ አንድ ማሽን ሲጠይቅ «አለ» ብሎ ይቀበላል፤ ከታች ግን ያን ያህል ቦታ ያለው አንድም ሰርቨር የለም። የአንዱን ሰርቨር ልክ ለይቶ ማስታወቅ የተቻለው ከዓመታት በኋላ ነው።

ቀጥሎ የማብራትና የማጥፋት ጉዳይ መጣ። ኖቫ በራሱ ዳታቤዝ የጻፈውን ከሃይፐርቫይዘሩ ጋር በየጊዜው ያመሳክራል፤ የተለመደው ልክ በየ600 ሰከንዱ፣ ማለትም በየ10 ደቂቃው ነው። አንድ ተጠቃሚ ማሽኑን በኦፕንስታክ በኩል አጠፋው እንበል። የዳታ ሴንተሩ አስተዳዳሪ እንደ ልማዱ በቪሴንተር ገብቶ ማሽኑ ጠፍቶ ቢያየው፣ በቅንነት ያበራዋል። ኖቫ ግን በመዝገቡ «የጠፋ» ብሎ ጽፏልና፣ በቀጣዩ ማመሳከሪያ ማሽኑን መልሶ ያጠፋዋል። አስተዳዳሪው በ10 ደቂቃ ውስጥ የጠፋበትን ማሽን ዳግመኛ ያበራል፤ ኖቫም ዳግመኛ ያጠፋል። ከሁለቱ የተሳሳተ የለም፤ ሁለቱም የየራሳቸውን መዝገብ ይጠብቃሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን የዲስኩ ጉዳይ ነበር። ሲንደር ለተጠቃሚው የሚያድለው ዲስክ ከማንኛውም ማሽን የተለየ ሕይወት አለው። በዚያን ጊዜ በቪሴንተር መዝገብ ግን ዲስክ በማሽን ሥር እንጂ ለብቻው አይቆምም። ስለዚህ በ2013 የመጣው የሲንደር ድራይቨር ለእያንዳንዱ ዲስክ ከቶ የማይበራ አንድ የጥላ ማሽን በቪሴንተር ውስጥ ይፈጥር ነበር። በቪሴንተር በኩል የሚመለከት አስተዳዳሪ የሚያየው በርተው የማያውቁ፣ ማንም የማይጠይቃቸው፣ ቦታ ብቻ የያዙ ማሽኖች ናቸው። ትጉህ አስተዳዳሪ ደግሞ ጥራጊውን ይጠርጋል። የሚጠርገው ግን የሰው ንብረት፣ ምናልባትም የአንድ ክፍል የዓመታት ሥራ ያረፈበት ዲስክ ነው። ያለ ሞዴል 22 ከግምጃ ቤት የወጣ ዕቃ ማለት ይኸው ነው።

ከላይ በኩል የሆነው

በሁለተኛው መንገድ የተሰማሩት ሶፍትዌሮች ብዙ ናቸው። ቪኤምዌር በጁላይ 2012 ዳይናሚክኦፕስን ገዝቶ የተለያዩ መድረኮችን ከአንድ መስኮት የሚያስተዳድር ምርት አወጣ። ሬድ ሃት በዲሴምበር 2012 ማኔጅአይኪውን በ104 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ክላውድፎርምስ በተባለው ምርቱ ውስጥ አስገባው፤ በ2014 ደግሞ ኮዱን ክፍት አደረገው። አይቢኤምም በማርች 2013 የክላውድ አገልግሎቶቹን በኦፕንስታክና በመሰል ክፍት ደረጃዎች ላይ እንደሚመሠርት አስታወቀ።

እነዚህ ሶፍትዌሮች ለድርጅቱ የሚሰጡት ጥቅም የሚናቅ አይደለም። ፕሮግራመሩ ማሽን ሲጠይቅ በጀቱ ይመረመራል፤ የሚፈቅደው ሰው ይፈቅዳል፤ የማሽኑ ዕድሜ ይወሰናል፤ ወጪው በየክፍሉ ይመደባል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ለማድረግ ሶፍትዌሩ ከሥሩ ያለውን በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ መገልበጥ አለበት፤ በዚህም ሦስተኛ መዝገብ ተወለደ።

ግልባጩን ከዋናው ጋር ለማስማማት ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንደኛው በየጊዜው «ምን አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ቀላል ቢሆንም በሁለት ጥያቄዎች መካከል የሆነው አይታይም፤ ማሽኖቹ ሲበዙም ጥያቄው ራሱ ሸክም ይሆናል። ሁለተኛው የኦፕንስታክ ክፍሎች እርስ በርስ የሚላላኩበትን የመልእክት መስመር ማዳመጥ ነው፤ ማኔጅአይኪው ይህን ያደርጋል። ማሽን ሲፈጠር ወይም ሲሰረዝ ወዲያው ይሰማል፤ አንድ መልእክት ቢጠፋ ግን ግልባጩ ሳያውቅ ይስታል። ስለዚህ ልምድ ያካበቱት ሁለቱንም አጣምረው ይጠቀማሉ፤ በማዳመጥ ይቀድማሉ፣ በመጠየቅ ያርማሉ።

ሌላው እንቅፋት የጊዜ አለመጣጣም ነው። ኦፕንስታክ በየስድስት ወሩ እትም ያወጣል፤ የድርጅት ሶፍትዌር ግን አንድ ጊዜ ከተተከለ ዓመታት ይቀመጣል። አስተዳዳሪው ሶፍትዌር ከአንዱ እትም ጋር ተሞክሮ እስኪጸድቅ ድረስ መድረኩ ወደፊት ሄዷል። በ2015 ኖቫ የኤፒአዩን ለውጦች በጥቃቅን ቁጥር እየለየ፣ ደንበኛው የሚያውቀውን ቁጥር እየጠራ እንዲጠቀም ማድረጉ ይህን ሕመም በእጅጉ አቃልሏል።

መዝገባቸውን ያስማሙ

በዚህ ሁሉ ውስጥ መልካም ምሳሌ የሚሆነን በጄኔቭ አጠገብ ያለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሰርን ነው። ሰርን ቀድሞ የማይክሮሶፍትን አስተዳዳሪ ሶፍትዌርና ሃይፐር-ቪን ይጠቀም ነበር፤ በጁላይ 2013 ኦፕንስታክን ለሥራ አዋለ፤ የቀድሞዎቹንም ማሽኖች ደረጃ በደረጃ አዛወረ። በድርጅቱ ውስጥ ሁለት የቆዩ መዝገቦች ነበሩ፤ የሠራተኛውን ማንነት የሚይዘው አክቲቭ ዳይሬክተሪና፣ ከኔትወርኩ ጋር የሚገናኝ ማንኛውም መሣሪያ ሊሰፍርበት ግድ የሆነው የኔትወርክ ዳታቤዝ።

የሰርን መሐንዲሶች እነዚህን መዝገቦች በኦፕንስታክ ሊተኩ አልሞከሩም። ኪስቶን ማንነትን ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ እንዲያነብ አደረጉ፤ ኖቫም ማሽን ሲፈጥር አድራሻውን በኔትወርኩ ዳታቤዝ አስቀድሞ ከተመዘገበው እንዲወስድ ኮዱን አስተካከሉ። የማሽኖቹ ሕይወት መዝገብ ግን የኖቫ ብቻ ሆነ። ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ የታመነ መዝገብ ተሰየመለት፤ ሌላው ሁሉ አንባቢ ሆነ። ሥራው ሳይታወክ እስከ መቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የፕሮሰሰር ኮሮች ድረስ የሰፋው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

የአንድ አቅራቢ ጥምረትና ዋጋው

ሁሉም ድርጅት ግን የሰርንን ያህል መሐንዲስ የለውም። በኦገስት 2014 ቪኤምዌር ኦፕንስታክን ከራሱ ምርቶች ጋር አስማምቶ የሚያቀርበውን ጥቅል አስታወቀ፤ በ2015 መጀመሪያም ለተጠቃሚ አደረሰ። ከፍተኛውን የቪስፊር ፈቃድ ለገዙ ደንበኞች ያለ ተጨማሪ ዋጋ ይሰጥ ነበር፤ ድጋፉ ብቻ ለየት ብሎ ይከፈልበታል። የተፈተኑ እትሞች፣ አንድ የድጋፍ ስልክ፣ አስተዳዳሪው በሚያውቀው መስኮት ውስጥ መሥራት፤ እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ነበሩ። ከታች ያለው ግን የቪኤምዌር ሃይፐርቫይዘር ብቻ ነው። ላይኛው ባላ ክፍት፣ ታችኛው ዝግ ሆነ።

ፋውንዴሽኑ በበኩሉ የኦፕንስታክን ስም የሚሸከም ምርት ሁሉ የጋራ ችሎታዎችን ፈተና እንዲያልፍ ከ2015 ጀምሮ አስገደደ። በኦክቶበር 2016 በባርሴሎና ስብሰባ ላይ ከአሥር የሚበልጡ አቅራቢዎች በአንድ መድረክ ቆመው፣ አንዱን የሥራ ፕሮግራም በየራሳቸው ክላውድ ላይ አስኬዱ። ፋይዳው ለብዙዎች የታየው ቆየት ብሎ ነው። ብሮድኮም በኖቬምበር 22 ቀን 2023 ቪኤምዌርን ገዝቶ አጠቃለለ፤ በሚቀጥለው ወር ለዘለቄታ የሚገዛ ፈቃድ መሸጡ ቀርቶ በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ እንደሚተካ አስታወቀ። ሥራቸውን በኦፕንስታክ ኤፒአይ በኩል የጻፉ ድርጅቶች ፕሮግራሞቻቸውን ሳይነኩ የታችኛውን ክፍል መለወጥ ይችሉ ነበር። ፕሮግራማቸውን በቀጥታ ከቪሴንተር ጋር ያሰሩት ግን ምርጫቸው ወይ መክፈል፣ ወይ እንደገና መጻፍ ሆነ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለሥራችን የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች እናገኛለን። አንደኛ፣ ማንኛውም ጥምረት ከመጀመሩ በፊት ለማንነት፣ ለኔትወርክ፣ ለማሽንና ለዲስክ የታመነው መዝገብ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይወሰን፤ በሌላ በር ገብቶ የሚጽፍ ሰው እንዳይኖርም የመግቢያ ፈቃዱ በዚሁ መሠረት ይከልከል። ሁለተኛ፣ የሚያገናኘውን ድራይቨር ማን እንደሚንከባከበውና ማን እንደሚፈትነው ይጠየቅ፤ ሃይፐር-ቪ ሁለት ጊዜ የወደቀው ኮዱ ስለ ከፋ ሳይሆን ጠያቂ ስላጣ ነው። ሦስተኛ፣ ፕሮግራሞቻችን የሚናገሩት ቋንቋ የብዙዎች የጋራ የሆነው ይሁን።

ኦፕንስታክ ዛሬም አለ። ፋውንዴሽኑ በ2020 ስሙን ወደ ኦፕን ኢንፍራስትራክቸር ለውጦ፣ በ2025 በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ገብቷል። የሚያጣምሩትም ሶፍትዌሮች ስማቸውንና ባለቤታቸውን መለዋወጣቸው የማይቀር ነው። ለባለሙያው የሚቀርለት ቋሚ ሥራ ግን በአንዲት ማለዳ መስኮቱን ከፍቶ የማያውቀውን፣ በርቶ የማያውቅ ማሽን ሲያገኝ፣ እጁን ወደ መሰረዣው ከመዘርጋቱ በፊት «ይህ በማን መዝገብ ተጽፏል?» ብሎ መጠየቅ ነው።